ከባለ ቀለም እንጨት እስከ 5 ዶላር፦ ስለ ፋብሪካ አስተዳደር የጠየቃችሁን

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠራተኛን እንደ ሰው ማስተዳደር ከማን ተጀመረ?

አንድ ጀማሪ ለይቶ ማውጣት ይከብዳል፤ ቀደም ካሉት ግን ጎልቶ የሚታየው ሮበርት ኦወን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የኒው ላናርክን የጥጥ መፍተያ በ1800 ሲረከብ፣ ከድሆች ማቆያ የመጡ ወደ 500 የሚጠጉ ሕፃናት እዚያ ይሠሩ ነበር። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር አስቆመ፤ የመንደሩ ሱቅ በጅምላ ገዝቶ በትንሽ ጭማሪ እንዲሸጥ አደረገ። ሠራተኛው ግን ቶሎ አላመነውም፤ አዲስ ጌታ ይዞት የሚመጣውን ያውቀዋላ! ልቡ የቀናለት አሜሪካ ጭነት አግዳ ጥጥ እሳት በሆነ ጊዜ ነው። ኦወን ፋብሪካውን 4 ወር ዘግቶ፣ ሠራተኞቹ ማሽን ከመወልወል በቀር ሥራ ሳይኖራቸው ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ወጪው 7,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ።

የኦወን «ባለ ቀለም እንጨት» ምን ነበር?

በየሠራተኛው ቦታ የሚንጠለጠል፣ አራት ጎን ያለው ትንሽ እንጨት ነው። ጥቁር መጥፎ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቢጫ ጥሩ፣ ነጭ እጅግ ጥሩ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው የትናንቱን ጠባይ የሚያሳየውን ጎን ወደ ፊት ያዞረዋል፤ ውጤቱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዱላና ስድብን ተክቷል፤ ቅር ያለው ሠራተኛም ለኦወን አቤት ማለት ይችል ነበር። ያም ሆኖ ሰውን በባልደረቦቹ ፊት ማሳፈሩ አልቀረም። ዛሬ የሠራተኛ ስም በቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ድርጅቶች ማሳፈሩን ወስደው አቤቱታውን ረስተውታል።

ሥልጠና ላይ «በሃውቶርን ፋብሪካ ምርት የጨመረው ለሠራተኞቹ ትኩረት ስለተሰጣቸው ብቻ ነው» ተባልን። እውነት ነው?

እንዲህ በቀላሉ አይደለም። ቺካጎ አጠገብ ይገኝ በነበረው በዚህ ፋብሪካ ከ1927 ጀምሮ ለጥናት 5 ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ተሰጥቷቸው የስልክ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ይገጣጥሙ ነበር። አንዱ ሪሌይ ወደ 35 የሚሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት። ዕረፍት ተጨመረላቸው፣ ጠዋት መክሰስ ቀረበላቸው፣ መውጫ ሰዓታቸው ወደ 10 ሰዓት ተኩል ዝቅ አለ። ምርቱ 30 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ዕረፍቱ ለጊዜው ሲነሳም እንደተጠበቀው አልወደቀም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሌላው ነው። ክፍያቸው ቀድሞ በትልቁ ክፍል ምርት ይሰላ የነበረ ሲሆን አሁን በ5ቱ ብቻ ሆነ፤ ማለትም የእያንዳንዷ ጥረት ኪሷ ውስጥ ይታያል። በ1928 መጀመሪያ ላይ ደግሞ «ያወራሉ፣ አይተባበሩም» የተባሉት ሁለቱ በፈጣኖች ተተኩ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ተለውጦ ሳለ ጭማሪውን «ትኩረት» አመጣው ማለት አይቻልም።

በ1931 አጥኚዎቹ እዚያው የታዘቧቸው 14 ወንዶች ደግሞ ምርታቸውን ሆን ብለው ይገድቡ ነበር። ከልኩ ያለፈ ባልደረባ ክንዱ ላይ ቡጢ ይቀምሳል። ብዙ ካመረትን ለቁራጭ የሚከፈለን ዋጋ ይቆረጣል፣ ሰውም ይቀነሳል ብለው ይሠጉ ነበር።

የመኪና አምራቹ ፎርድ በ1914 በቀን 5 ዶላር የከፈለው በደግነት ነው?

አይደለም። በ1913 የሠራተኛው ፍልሰት 370 በመቶ ነበር፤ ማለትም በዓመቱ የለቀቀው ሰው ከጠቅላላው ሠራተኛ ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሰው ማሠልጠን ያከስራል። ከ5ቱ ዶላር ከፊሉም የትርፍ ድርሻ ተብሎ፣ የመጠጥና የቁጠባ ጠባዩ ቤቱ ድረስ ተመርምሮ «ደህና ነው» ለተባለ ብቻ የሚሰጥ ነበር።

25 ሰው ያለው ስፌት ቤት አለን። ከሰዓት በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት ብናስገባ ጥቅሙን እንዴት እንለካ?

መጀመሪያ ምንም ሳትለውጡ 4 ሳምንት መዝግቡ፦ የቀኑን ምርት፣ ተፈትቶ የተሰፋውን፣ የቀረውን ሰው። ከዚያ ዕረፍቱን ብቻ አስገቡና ሌላ 4 ሳምንት መዝግቡ። በዚህ መሃል ክፍያ፣ የልብስ ዓይነትም ሆነ የመስመር አለቃ አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁ እንደ ሃውቶርን የቱ ምን እንዳመጣ አታውቁም። ሰዓቱን ራሳቸው ሰፊዎቹ ይምረጡት። ምርቱ ቢጨምር ደግሞ የቁራጩን ዋጋ እንደማትቀንሱ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጧቸው።