ጾመኛ ከሆንሽ እረፍት ምን ያደርግልሻል?

ጥያቄ፦ ሲያትል አጠገብ ኬንት ውስጥ መጋዘን ነው የምሠራው፣ ዕቃ ማሸግ። ፈረቃዬ 8 ሰዓት ነው። ጭነት ሲበዛ ግን 3 ሰዓት፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት ጨምሩ እንባላለን። የመጀመሪያዋን የ30 ደቂቃ እረፍት ይሰጡናል፤ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ ቁጭ ማለት የለም። ባለፈው ሁዳዴ ሱፐርቫይዘሬን ብጠይቀው «አንቺ እኮ አትበዪም፣ ብሬክ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈር የነበረበት እሱ ነው። ጾመኛ እግር የለውም እንዴ? ሕጉ ትበያለሽ ወይስ ትጾሚያለሽ ብሎ አይጠይቅም።

ዋሽንግተን ስቴት መሆንሽ ጠቅሞሻል። እዚያ ሥራ ከጀመርሽ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላሽ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ የምግብ እረፍት መውጣት አለብሽ። ይቺን አግኝተሻል። ያላገኘሽው ሁለተኛዋን ነው፦ ከመደበኛ ፈረቃው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጨምር ሠራተኛ፣ ትርፍ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ወይም በመሀሉ ሌላ 30 ደቂቃ ይገባዋል። «3 ሰዓት ጨምሩ» ባሉሽ ቀን ሁሉ ይቺ እረፍት ነበረችሽ ማለት ነው።

አንዳንዱ አለቃ ይሄን ያውቅና 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ያስጨምራል፤ 3 አልሞላም ለማለት። አያዋጣውም። ምክንያቱም ማንንም ሰው ከ5 ሰዓት በላይ በተከታታይ ያለ ምግብ እረፍት ማሠራት አይቻልም፣ ቆጠራው ደግሞ ከመጀመሪያው እረፍት በኋላ እንደገና ይጀምራል። ሥራ በጀመርሽ በ4 ሰዓትሽ ወጥተሽ በ4 ሰዓት ተኩል ተመለስሽ እንበል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ አምስቱ ይሞላል፤ ከዚያ ሳያልፍ መውጣት አለብሽ።

አጭሯን እረፍትም አትርሺ። በየ4 ሰዓቱ ሥራ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ የሚከፈልበት፣ ከ3 ሰዓት በላይ ደግሞ ያለ እሷ መሥራት የለም። ትርፍ ሰዓት ላይም ቆጠራው ይቀጥላል። የምግቡን እረፍት አንቺ ራስሽ ካልፈለግሽውና አሠሪሽ ከተስማማ ልትተዪው ትችያለሽ፤ ጾም ላይ ነኝና ልቀጥል የምትል ካለች መብቷ ነው፣ እሱ ግን በእሷ ፈንታ ሊወስን አይችልም። የ10 ደቂቃዋን ግን አንቺም ብትፈልጊ መተው አትችይም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ 30 ደቂቃዋ ላይከፈልባት ይችላል፣ ግን በእውነት ነፃ ከሆንሽ ነው። «ብዪ፣ መኪናው ከመጣ ግን ተነሺ» ተብለሽ እዚያው ከተቀመጥሽ ሥራ ላይ ነሽና ይከፈልሻል። እንዲህ ዓይነቷ ደቂቃ ተጠራቅማ ሳምንቱን ከ40 ሰዓት ካሳለፈችው ደግሞ በአንድ ተኩል ትባዛለች።

አሁን ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የገባሽበትን፣ የወጣሽበትን፣ የተከለከልሽውን እረፍት ጻፊ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ኤል ኤንድ አይ ወደሚለው የስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ታስገቢያለሽ። የቀረ ክፍያ እስከ 3 ዓመት ወደ ኋላ መጠየቅ ይቻላል። እንግሊዝኛዬ አይመችም ብለሽ አትቅሪ፣ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣሉ።

(ቨርጂንያ ያላችሁ ይሄን አንብባችሁ አለቃችሁን እንዳትገጥሙት። እዚያ ለአዋቂ ሠራተኛ የምግብ እረፍት የሚያስገድድ የስቴት ሕግ የለም፣ የፌዴራሉም አያስገድድም። ፌዴራሉ የሚለው፣ አሠሪው 20 ደቂቃና ከዚያ በታች አጭር እረፍት ከሰጠ ይክፈልበት ነው።)

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ ነኝ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ኦቨርታይም እንሠራለን፣ ራት ግን ማሽኑ ሥር ቆመን ነው የምንበላው። ኃላፊው «አዋጁ ላይ የራት እረፍት የሚል የለም» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለምግብ ይሄን ያህል ደቂቃ ብሎ አልቆጠረም። ነገሩን የተወው ለሥራ ደንቡና ለኅብረት ስምምነቱ ነው፤ የእረፍት ጊዜ እዚያ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ መጀመሪያ የድርጅታችሁን የሥራ ደንብ አምጣ በለው። ማኅበር ካላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ድርድር የራቷን ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።

ኃላፊህ የዘለለው ግማሽ ግን ይበልጣል። የሥራ ሰዓት ማለት የምትሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆነህ የምትቆምበትም ነው፤ እንደ እኔ አረዳድ ማሽን እየጠበቅክ የጎረስከው ራት ሥራ ነውና ከሰዓትህ ላይ መቀነስ የለበትም። ሌላው፣ ትርፍ ሰዓት በግዴታ አይሠራም። የተፈቀደውም አደጋ ሲደርስ ወይም ያሰጋል ሲባል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው ሲተካ ነው። ያኔም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በየቀኑ የምታመሹ ከሆነ ይሄ አስቸኳይ ሳይሆን የሰው እጥረት ነው። ነፍሰ ጡር ባልደረባ ካለቻችሁ ደግሞ ጭራሽ አታመሽም፣ ክልክል ነው።

ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ይባዛል። በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 ነው። አሁንም በድሮው 1.25 የሚያሰሉ አሉ፣ ፔሮልህን እይ። አንተ ዘንድ እንደ ሲያትሏ እህታችን 3 ዓመት የለህም፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅከው በይርጋ ይቀራል።