ጌም ላይ ስታክ ለሚያደርገው ላፕቶፕ፦ መጀመሪያ ዲስኩን እይ

ካርታ ሲቀየር ምስሉ ቆሞ፣ ድምፁ እየተሰማ፣ ከደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቃል ካልክ፣ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ዲስኩን ጠርጥር። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ይወርዳል፣ ፋኑም ይጮሃል።

ስታክ ሲያደርግ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን) እይ። ዲስኩ 100% ሆኖ የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነ፣ መልስ እየሰጠ አይደለም።

ቀጥሎ ኢቬንት ቪውወር (ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበት) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈት። ከዲስክ ስህተቶቹ መካከል ኢቬንት አይዲ ቁጥር 7 የተበላሸ ብሎክ (ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ) ነው። 129 እና 153 ዲስኩ በሰዓቱ አልመለሰም ማለት ናቸው። 129 ብቻ ካየህ ተስፋ አለ፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ነቅለህ መልሰህ ሰካው፣ ፈርምዌሩንም (የዲስኩን የውስጥ ሶፍትዌር) አድስ። 7 ከተደጋገመ ግን ዲስክ መግዛትህ አይቀርም።

የዲስክ ጤንነት የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራምም ይጠቅማል። ቢጫ ካሳየህ እመነው፤ ሰማያዊ ካሳየህ ግን እንዳትዘናጋ። ሰማያዊ እያሳዩ የሞቱ ዲስኮች አጋጥመውኛል።

አንድ ነገር፦ ቼክ ዲስክን (ዲስክ የሚፈትሸውን የዊንዶውስ መሣሪያ) አሁን እንዳታስነሳ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክርህ እሱን ነው፤ በተለይ በ /r ከተነሳ የደከመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ሲያስስ ጭራሽ ሊገድለው ይችላል። ቅድሚያ ፎቶህን፣ ሰነድህንና የጌም ሴቭህን ወደ ኤክስተርናል ገልብጥ። ጌሙን ተወው፣ የኢንተርኔት ዳታ ቢበላም እንደገና ይወርዳል።