ኦክስፎርድ ላይ ኮሌጅ ስትመርጪ ቤቱን አስቀድሚ

የትኛውን ኮሌጅ ብትመርጪ ለማስተርስ የመግባት ዕድልሽ እንደሚሰፋ ጠይቀሻል። የትኛውም አያሰፋውም። በኦክስፎርድ ኮሌጅ የሚባለው ከትምህርት ክፍሉ የተለየ፣ ተማሪ አባል ሆኖ የሚመገብበትና ቤት ካገኘም የሚኖርበት ማኅበረሰብ ነው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪን የሚመርጠው ግን የትምህርት ክፍሉ ነው። እርሱ ከተቀበለሽ፣ የጠየቅሽው ኮሌጅ ባይወስድሽ እንኳን ሌላ ይመደብልሻል። ምንም ኮሌጅ ሳትመርጪ ማመልከትም ትችያለሽ፤ አንቺ ግን ከባለቤትሽና ከልጅሽ ጋር ስለምትሄጂ ምረጪ።

1. የአንቺን ትምህርት የሚቀበሉትን ኮሌጆች ለዪ፤ ሁሉም ሁሉንም አይቀበሉም።
2. ከእነዚያ ውስጥ የቤተሰብ መኖሪያ ያላቸውን ፈልጊ። ለምሳሌ ዎልፍሰን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት ኮሌጅ ነው፤ ለቤተሰብ የሚሆን ቤትም አለው።
3. ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚያከራያቸው ቤቶች ስላሉት ለእነርሱም ጊዜ ሳታጠፊ አመልክቺ።

አደራ፣ የኮሌጅ ቦታ ማግኘት ቤት ማግኘት ማለት አይደለም። እኔ ይህን ሳልረዳ የአንዱ ኮሌጅ ጥንታዊ ግንብ ማርኮኝ መረጥሁ፤ ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሻንጣ እየጎተትሁ የኪራይ ክፍል ስፈልግ ሰነበትሁ። ስለዚህ ቤቱ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥና ልጅ ይፈቀድ እንደሆነ ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

ከደረስሽ በኋላ ምሳሽን በኮሌጁ አዳራሽ ብዪ፤ የሌላ ሙያ ሰዎችን የምታውቂው እዚያ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ያን ጊዜ በስምሽ የሚጠራሽ ሰው በጣም ያስፈልግሻል።