ክረምቱን ከነቅጠሏ የምታልፍ ጽጌረዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ኮተቤ ባለው ግቢያችን አጥሩን ታክከው የተተከሉ ቢጫና ቀይ ጽጌረዳዎች አሉኝ። ሐምሌ ሲገባ ቅጠሎቻቸው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጡና ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። መስቀል አልፎ እንደገና ሲያቆጠቁጡ ደግሞ እምቡጡ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ትናንሽ ልጆች ስላሉኝ መድኃኒት መርጨት አልፈልግም። በሽታ የማይነካት ጽጌረዳ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መርጨት አልፈልግም ማለትዎ ትክክል ነው፤ በዚሁ ይጽኑ። ልጆች በሚቦርቁበት ግቢ በየሳምንቱ ካልተረጨች የማትቆም ጽጌረዳ ቦታ የላትም። በሽታ ሁሉ የማይነካት ግን አትገኝም። አንዷ ጥቁሩን ነጠብጣብ ችላ በነጩ ዱቄት መሳይ በሽታ ትጠቃለች፤ ሌላዋ የነጩን ጊዜ በሰላም አልፋ በክረምት ትራቆታለች። ስለዚህ ሻጩ «ይህቺ በሽታ አይነካትም» ሲልዎት «የትኛው በሽታ?» ብለው ይጠይቁት።

የገለጹልኝ ሁለት የተለያዩ ፈንገሶች ናቸው። ጥቁሩ ነጠብጣብ ውኃ ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ይዘውና ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አዲስ አበባ ላይ ማምሻውን የጣለ የሐምሌ ዝናብ ቅጠሉን እስከ ንጋት እርጥብ አድርጎ ያሳድረዋልና ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ነጩ ደግሞ ቅጠል ላይ የተኛ ውኃ አይስማማውም። የሚመቸው ቀኑ ደረቅና ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና አየሩ እርጥበት ያዘለ ሲሆን ነው። ይህ ጥቅምት ነው። እርስዎ ዘንድ እየተፈራረቁ የሚመጡት ለዚህ ነው፤ እኛ አገር የምትመረጥ ጽጌረዳም ሁለቱንም ወቅት የምትችል መሆን አለባት።

ከቢጫዎቹ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንሳዊው አዳቃይ ጆሴፍ ፐርኔ-ዱሼ «ሶሌይ ዶር» የተባለችውን ጽጌረዳ ለገበያ አቀረበ። ደማቁን ቢጫ ያገኘው «የፋርስ ቢጫ» ከምትባል ጽጌረዳ ነው። ያቺ ጽጌረዳ ለጥቁር ነጠብጣብ እጅግ ደካማ ነበረች፤ ቀለሟንና ድካሟን አብራ አወረሰች። ዛሬም ብዙዎቹ ቢጫና ብርቱካናማ ጽጌረዳዎች ይህን ውርስ ይዘው ይኖራሉ። ጠንካራ ቢጫ የለም አልልም፤ ቀለሙን አይተው ብቻ ግን አይግዙ።

ቀዮቹ ረጅም ዘንግ ያላቸውና በአንድ ዘንግ አንድ አበባ የሚሰጡ ከሆኑ፣ ዘራቸው ከአበባ እርሻ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ የሚለሙት ዝርያዎች የተመረጡት ለዘንጋቸው ርዝመት፣ ለጉዞ ጽናታቸውና በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ለሚቆዩበት ጊዜ ነው። በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ስለሚያድጉ ዝናብ ቅጠላቸውን አይነካውም፤ ውኃ የሚጠጡት ከሥራቸው በሚንጠባጠብ ቱቦ ነው። እንዲህ ያደገችን አበባ አውጥቶ ለኮተቤ ክረምት መስጠት ግፍ ነው!

ታዲያ ምን ይተከል? የእኔ ምክር ከስም ይልቅ ቅጠል እንዲያዩ ነው። ችግኝ መሸጫ የሚሄዱት አበባው በደመቀበት በጥር ሳይሆን በነሐሴ መጨረሻ ይሁን። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ቅጠል ይመልከቱ፤ ጥቁሩ በሽታ ከታች ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። እግሯ ድረስ አረንጓዴ የሆነች፣ ቅጠሏ ወፈር ብሎ የሚያብረቀርቅ ካገኙ መድኃኒት ተረጭታ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተረጨች ይውሰዷት።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሰፈርዎ አሮጌ ግቢ ነው። ማንም ሳይረጫት ለዓመታት የኖረች፣ አበባዋ አነስ ያለ፣ በዘለላ የምታብብ ሮዝ ጽጌረዳ በአንዱ ጎረቤት ዘንድ አትጠፋም። ስሟን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። እኔ ከውጭ አገር ካታሎግ ይልቅ የማምነው እሷን ነው፤ ምክንያቱም ፈንገሱ ራሱ ከአገር አገር ዘሩ ይለያያል፣ አውሮፓ የበረታችው እዚህ ልትወድቅ ትችላለች። ጎረቤትዎን አስፈቅደው በሰኔ መጀመሪያ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አበባው የረገፈ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይትከሉ። ለአጥር ብቻ ከሆነ የራሳችን ቀጋ አለች፤ ነጭ አበባዋና ቀይ ፍሬዋ ያምራሉ፣ እሾኋም ሌባ ይመልሳል።

ቦታውንም ይቀይሩ። አጥር ሥር አየር ይታፈናል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝና በችግኞቹ መካከል የአንድ ሜትር ክፍተት ያለው ስፍራ ይምረጡ፤ የረገፈውን ቅጠል ሰብስበው ከግቢ ያስወጡ፣ ፈንገሱ እዚያ ውስጥ ይከርማልና።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። በሽታን ትቋቋማለች ተብዬ «ኖክ አውት» የተባለችውን ጽጌረዳ ተከልኩ። ዘንድሮ አንዷ ላይ ቀይ፣ እሾኹ የበዛ፣ እንደ መጥረጊያ የተጨማደደ ቅርንጫፍ ወጣ። መቁረጡ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። «ኖክ አውት» እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ስትቀርብ የተመሰገነችው በጥቁር ነጠብጣብ ላይ ባላት ብርታት ነው፤ ምስጋናውም ይገባታል። ይህ ግን «ሮዝ ሮዜት» የሚባል የቫይረስ በሽታ ይመስላል፤ ነፋስ ተሸክሟት በምትመጣ በዓይን የማትታይ ደቃቅ ተባይ ይተላለፋል፣ መድኃኒትም የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው ወዲያው በፕላስቲክ ከረጢት ያስሩት፤ እየጎተቱ በሌሎቹ መካከል አያሳልፉት። በአካባቢዎ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ባለ ነጭ አበባ የዱር ጽጌረዳ የበሽታው መጠለያ ስለሆነ ከአጥርዎ አጠገብ ካለ ያስወግዱት። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ብቻውን አይኖርም፤ በቀረ ሥር ውስጥ ግን ይኖራል። ስለዚህ ጉድጓዱን በደንብ ፈትሸው ሥር ካልቀረ እዚያው ሌላ መትከል ይችላሉ፤ ከቀረ ሥር ቡቃያ ብቅ ካለም ሳያድር ይንቀሉት።