የተንታ ጭቃ ጉባ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከተንታ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን። ድንጋይ ስንክብ «ህዳሴ ግድብን እየጠበቃችሁ ነው» ይሉናል። ግድቡ ያለው ጉባ! የኛ ጭቃ እዚያ ድረስ ይሄዳል? ደግሞስ ግድቡ ተመርቆ ሳለ መብራት ለምን ይጠፋብናል?

መልስ፦ ይሄዳል ወንድሜ፣ በደንብ ነው የሚሄደው። እኔ የደላንታ ልጅ ነኝ፤ በሽሎን አውቀዋለሁ። ከደላንታ፣ ከተንታና ከመቅደላ የሚወርደው ጎርፍ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎ ደግሞ አባይ። የደሴና የኮምቦልቻ ዘመዶቻችን እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ የእነሱ ቦርከና የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው።

ነሐሴ ላይ ከበሽሎ አንድ ብርጭቆ ቅዳና አሳድረው። ጠዋት ከላይ ጠላ የመሰለ ውኃ፣ ከታች ወፍራም ጭቃ ታገኛለህ። ያ ጭቃ የማን ማሳ እንደነበር አስበው።

ግድቡ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ከዚህ 15 ቢሊዮን ገደማው ተርባይን የማያዞር የታችኛው ውኃ ነው። «ደለሉ እዚያ ይተኛ» የሚሉ አሉ። እንደሱ አይደለም። ጎርፉ ሐይቁን ሲነካ ጉልበቱ ያልቃል። አሸዋውና ከባዱ አፈር እዚያው መግቢያው ላይ ይራገፋል፤ ወደ ግድቡ የሚጠጋው ደቃቁ ነው። ስለዚህ መብራት የሚሆነውን ውኃ ቦታም ይሻማል።

እኔን ግን ከግድቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ማሳው ነው። ጉባ የወረደ አፈር ተመልሶ ለናንተ ገብስ አያበቅልም። እርከኑን መጀመሪያ ለራሳችሁ ሥሩት። ከተራራው አናት ጀምሩ፤ ላዩ ሳይያዝ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር ብትሠሩ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል። እርከኑ ላይ ሣር ትከሉ። ከብት አትልቀቁበት፣ ሣሩን አጭዳችሁ አብሉ። በጥር የተካበው በሰኔ በከብት እግር ሲፈርስ ማየት ያማል።

ወደ መብራቱ ስመጣ፣ በ2003 የተጀመረው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 13 ተርባይኖች አሉት፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ የሚገባው አገር አቀፉ መስመር ውስጥ ነው፤ ለተንታ ተብሎ የተለየ ሽቦ የለም። ጉባ ላይ ኃይል ቢተርፍም የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወይም የእንጨት ምሰሶው ከወደቀ ጨለማ ነው። ጎረቤት ቀበሌ በርቶ እናንተ ጋ ብቻ ከጠፋ ችግሩ እዚያው ቅርብ ሳይሆን አይቀርም። የትኛው ምሰሶ ወይም ትራንስፎርመር እንደሆነ ለይታችሁ ተሰባስባችሁ አመልክቱ።