ክራርና ድምፅን በቤት ለመቅዳት ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ ክራር እየመታሁ የምዘፍነውን በመኝታ ቤቴ መቅዳት እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ አለኝ፤ በቅድሚያ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድመው ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይግዙ፤ ማይክሮፎኑ የሚያነሳውን ድምፅ ላፕቶፑ ወደሚቀበለው ዲጂታል መልክ ከመለወጡም በላይ፣ ክራሩንና ድምፅዎን በየራሳቸው ትራክ (የቅጂ መስመር) ለይተው ለመቅዳት ያስችልዎታል። ኮንደንሰር ማይክሮፎን (ረቂቅ ድምፅን የሚይዝ፣ ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዓይነት) ከመረጡ ኢንተርፌሱ ለማይክሮፎኑ 48 ቮልት የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ይሁን እንጂ ኮንደንሰር የውሻ ጩኸትንና የመኪና ጥሩምባን ሳይቀር አጥርቶ ስለሚይዝ፣ ሰፈርዎ ጸጥታ የሌለው ከሆነ እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ለሩቅ ድምፅ ብዙም ስሜት የሌለው ዓይነት) ይሻልዎታል ብዬ አምናለሁ። ድምፅ የማያሾልክ ዝግ የጆሮ ማዳመጫም ያስፈልግዎታል። ስፒከሩ ይቆይ። ከባዶ ግድግዳ የሚመለሰውን ማስተጋባት ግን ችላ አይበሉት፤ ከጀርባዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ቢሰቅሉ በእጅጉ ይቀንስልዎታል።