የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክርስቶስ ከካሰልን ቀኖና ለምን?

ጥያቄ፦ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ፕሮቴስታንት ናት። ለንስሐ ተሰጥቶኝ ስሰግድ አይታ፣ "ክርስቶስ ሁሉን ከፍሎ ጨርሷል፤ አንቺ የተከፈለ ዕዳ ደግመሽ ልትከፍዪ ነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞስ እግዚአብሔር "ይቅር ብያችኋለሁ" ቢል ይበቃ አልነበረም? መስቀሉ ለምን አስፈለገ?» (ከኪቶ ፉርዲሳ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ጓደኛሽ ከተናገረችው እውነት የሆነውን አትካጂ። ቀኖና፣ ማለትም ካህኑ ለተናዘዘ ሰው የሚያዘው ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት፣ የኃጢአት ዋጋ አይደለም። ሺህ ጊዜ ብንሰግድ አንዲት ኃጢአት አንሰርዝም። የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው ተብሎ ተጽፏልና (ሮሜ 6፥23)፣ የሚጠየቀው ሞት እንጂ የጉልበት ድካም አይደለም። ያንን የከፈለልን ጌታችን ብቻ ነው።

ይቅርታ በቃል ለምን አልሆነም ላልሽው ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዘመን መልሶታል። ኃጢአት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አዳም ሲበድል ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ እግዚአብሔር «ትሞታለህ» ብሎ ነበር (ዘፍ 2፥17)፤ ቃሉም አይታበልም። ሁለተኛው፣ ባሕርያችን ራሱ መበስበስ ጀመረ። ንስሐ ሰውን ከበደል ይመልሰዋል እንጂ ከመበስበስ አያወጣውም። ስለዚህ አካላዊ ቃል፣ እግዚአብሔር ወልድ፣ የሚሞት ሥጋ ለበሰ፤ በዚያ ሥጋ ስለ ሁሉ ሞተ፤ በትንሣኤውም ሞትን ሻረ። ካሣው ይህ ነው። አብ ተቆጥቶ ወልድ ያባበለው አድርገሽ እንዳታስቢ፤ ዓለሙን ወዶ ልጁን የሰጠ አብ ራሱ ነው (ዮሐ 3፥16)።

የዚህን ካሣ ጥላ፣ አስቀድሞ የታየውን ምሳሌ፣ ማየት ከፈለግሽ ዘሌዋውያን 16ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። በ7ኛው ወር በ10ኛው ቀን ሊቀ ካህናቱ አስቀድሞ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ ወይፈን ያርዳል። ከዚያ ሁለት ፍየሎች ቀርበው ዕጣ ይጣልባቸዋል። አንደኛው ይታረድና ደሙ በታቦቱ ላይ ባለው በስርየት መክደኛው ፊት ይረጫል። በሁለተኛው ራስ ላይ ግን ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ ይናዘዝበታል፤ የተመደበ ሰውም ወደ ምድረ በዳ ይነዳዋል። በደል ይከፈልበታል፣ ደግሞም ከሰፈር ይወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይታያሉ። ሆኖም በዓመቱ እንደገና ይደገማል። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 10 የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቢያነጻማ ኖሮ መደገሙ በቀረ ነበር። ክርስቶስ ግን በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ገባ (ዕብ 9፥12)።

ታዲያ ቀኖና ምንድን ነው? መድኃኒት ነው። ይቅርታው በደላችንን ያርቃል፤ ኃጢአቱ በውስጣችን ያስለመደው ግን በአንድ ቀን አይለቅም። ለሐሜት የለመደ አፍ ጸሎት ይታዘዝለታል፣ ለስስት የለመደ እጅ ምጽዋት። የክርስቶስ ካሣ በጥምቀት ደርሶናል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን እንጠመቃለን። ከዚያ በኋላ ስንወድቅ የሚያነሳን ያው ካሣ ነው፤ በንስሐና በቅዱስ ቁርባን እንቀበለዋለን። ሥልጣኑንም ለካህናት የሰጠው እርሱ ነው (ዮሐ 20፥23)።

ስትናዘዢ እንዲህ አድርጊ። ከቀኑ በፊት በዐሠርቱ ትእዛዛትና በስድስቱ ቃላተ ወንጌል (ጌታ በወንጌል በሰጣቸው ትእዛዛት) ራስሽን መርምሪ። ቅዳሴ ሊገባ በሚሮጥ ካህን ላይ አትንጠልጠዪ፤ ጊዜ ያዢ። ኃጢአቱን በስሙ ጥሪ፣ ታሪኩን አታርዝሚ፣ የሌላ ሰው ስም አታንሺ፣ «እሱ ገፋፍቶኝ» አትበይ። «በሁሉም በድያለሁ» ብቻ ማለት ኑዛዜ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን ትንንሹን ዘርዝሮ ትልቁን መደበቅ ነው፤ ካህኑ ላልሰማው ሕመም ትክክለኛ ቀኖና ሊሰጥ አይችልም። ቀኖናውን ከፈጸምሽ በኋላ ተመልሰሽ ሂጂ፤ «ይፍቱኝ» ብለሽ ፍትሐት፣ ማለትም ካህኑ ከኃጢአት እስራት የሚፈታበትን ጸሎት፣ ተቀበዪ፤ ከዚያ ቢያንስ 18 ሰዓት ጾመሽ ቁረቢ። ብዙ ወጣቶች ቀኖናውን ይጨርሱና ከፍትሐቱ በፊት ይጠፋሉ። ሌሎች ደግሞ የስቅለት ማምሻ ጥብጠባ የዓመቱን ንስሐ የተካ ይመስላቸዋል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን ቸብ ቸብ አድርጎ የስግደት ቁጥር ሲነግረን ደስ ይላል፤ መልካም ሥርዓትም ነው። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ መሐል ልብን ዘርግፎ መናዘዝ አይቻልም። ንስሐ አባት ዘንድ መቅረብ አይቀርም።

ጥያቄ፦ «ቡና ነጋዴ ነኝ። ለዓመታት ከገበሬ ስገዛ ሚዛኔ የተነካካ ነበር። ተናዝዤ ቀኖናዬን ጨረስኩ። ገንዘቡ ግን ቤቴ ውስጥ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ልግዛበት?» (ከሂርማታ መርካቶ)

መልስ፦ አይግዙበት። መጋረጃው የገበሬው ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑን ዛሬውኑ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ያስሉ። ዘኍልቍ 5፥6-7 በደሉን የተናዘዘ ሰው የወሰደውን ሙሉውን እንዲመልስ፣ አምስተኛ እጅም እንዲጨምርበት ያዛል። ለምሳሌ ሚዛኑ በ1 ፈረሱላ (17 ኪሎ) ግማሽ ኪሎ ይበላ ከነበረና በዓመት 200 ፈረሱላ ከገዙ፣ የወሰዱት 100 ኪሎ ነው፤ ከአምስተኛው እጅ ጋር 120 ኪሎ ይሆናል። በድሮ ዋጋ ከመለሱ ገበሬው ሁለተኛ ይጎዳል፤ በዛሬው ዋጋ ያስቡ። ቀረጥ ሰብሳቢው ዘኬዎስ በዚህም አልረካም። በገዛ ፈቃዱ ለተናዘዘ አምስተኛ እጅ ብቻ ሲበቃ፣ እርሱ በግ ሰርቆ ባረደ ሌባ ላይ የሚፈረደውን አራት እጥፍ (ዘጸ 22፥1) በራሱ ላይ ፈረደ፤ የሀብቱንም እኩሌታ ለድሆች ሰጠ (ሉቃ 19፥8)። በእርስዎ ዘንድ መጠኑ ስንት እንደሚሆን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ።

ገበሬው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ለውጥ የለውም፤ ዕዳው ዕዳ ነው። በጅማ ዙሪያ ከአንድ ቀበሌ ስትገዙ ኖራችሁ አትተዋወቁም አይባልም። የምታስታውሷቸውን በስም ጽፎ መጀመር ይቻላል። ባለቤቱ ከሞተ ለልጆቹ ይሰጣል። ወራሽ ከታጣ ብቻ ነው ለእግዚአብሔር የሚሆነው (ዘኍ 5፥8)፤ ያኔም በንስሐ አባት ምክር ለድሆች ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይውላል። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ቀላል ነው፣ ስምም ያስጠራል፤ የበደሉትን ሰው ዓይን ማየት ግን ይከብዳል።

በአደባባይ ማወጅ ግዴታዎ አይደለም። ስምዎን በማይጠራ ሽማግሌ በኩል «ይህ የአንተ ነው፤ ሲመዘን የጎደለብህ ነው» ተብሎ ሊደርሰው ይችላል። ስጦታ አስመስለው ሰጥተው ምስጋናውን ግን አይቀበሉ፤ ያ ሌላ ስርቆት ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተሟላ በየወሩ ይክፈሉ፤ የሚጠየቀው ልብ ቆርጦ መጀመሩ ነው።

ይህ ደግሞ ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሰጠነው መልስ ጋር አይጋጭም። በእግዚአብሔር ፊት ያለብዎትን ዕዳ ክርስቶስ በደሙ ከፍሎታል፤ ቡናውን ግን የያዙት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ «ስግደት ታዝዤ ወገቤን ታመምኩ። ንስሐ አባቴም በመሐል ዐረፉ። ቀኖናዬ ፈረሰ?» (ከቦሳ አዲስ ከተማ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት፤ አባታችንንም ነፍስ ይማርልን። አልፈረሰም። ሌላ ንስሐ አባት ይያዙ፤ የተሰጠዎትን፣ የፈጸሙትንና የቀረውን ይንገሯቸው። ስግደቱን ወደ ጸሎት ወይም ወደ ምጽዋት የመለወጥ ሥልጣን አላቸው። በራስዎ ግን አይለውጡ፣ «ይበልጥ ይጽደቅልኝ» ብለውም አይጨምሩ። ጤነኛም ቢሆን የንስሐ ስግደት በሰንበት፣ በጌታ ዐበይት በዓላት፣ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናትና በቆረቡበት ዕለት አይሰገድም። በእነዚህ ቀናት ባለመስገድዎ ያጎደሉት ነገር የለም።